ለሞተር እድሳት ፋሻ ስለ መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ጥያቄዎች በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ መስመር ሚኒባስ፣ አይሱዙና ፒክአፕ የሚያሠሩ ባለንብረቶች ሞተራቸው ሊፈታ ሲል ወይም ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ በኋላ ዘወትር የሚያነሧቸው ናቸው። በጋራዥ ፋሻ፣ በመለዋወጫ ሱቅ ደግሞ ፒስተን ሪንግ የሚባለው፣ ፒስተኑን ዙሪያውን የሚከብበው የብረት ቀለበት፣ አንድና ያው ዕቃ ስለሆነ እዚህ ፋሻ እያልን እንቀጥላለን።

ፋሻው ማለቁን ሞተሩ ሳይፈታ ማወቅ ይቻላል?

በአብዛኛው ይቻላል፤ ለዚህም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደው ሽቅብ ከየትኛውም መሣሪያ ቀድሞ የሚገኝ መመርመሪያ ነው። መኪናው ጭነት ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ሳያቋርጥ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ፣ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ዘይቱም ከቀን ወደ ቀን የሚጎድል ከሆነ ጥርጣሬው በፋሻውና በሲሊንደሩ ላይ ያርፋል። በቤንዚን ሞተር ግን ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ተይዞ ከተወረደ በኋላ ነዳጅ ሲረገጥ አንድ ጊዜ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ቦግ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ዘይቱ የሚገባው በቫልቭ ጎማዎች በኩል ሊሆን ስለሚችል ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ሳያዩ ፋሻ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የናፍጣ ሞተር አየር የሚዘጋ ቢራቢሮ ስለሌለው በቁልቁለት ጊዜ ያን ያህል መሳብ አይፈጥርም፤ ስለዚህ ይህ ሁለተኛው ምልክት ለሚኒባስና ለአይሱዙ ብዙም አይረዳም።

ጥቁር ጭስ ሌላ ነገር ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር እዚህ ሲደርስ የሚረጨው ናፍጣ ከሚያገኘው አየር ስለሚበልጥበት ጥቁር ያጨሳል። ይህ የናፍጣ ፖምፓና የአየር ጉዳይ ነው እንጂ የፋሻ አይደለም። ሐርቡ ላይ ንጹሕ የነበረ ሞተር ጦሳ ሥር ሲደርስ በመጥቆሩ ብቻ የተፈታበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም።

ኮምፕሬሽን ሲለካ በጥገና መጽሐፉ ከተጻፈው በታች ካሳየ ፋሻው አልቋል ማለት ነው?

አይደለም፤ በዚህ አገር መልክዓ ምድር ይህ ጥያቄ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጽሐፍ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ አየር የተሰላ ነው። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ሞተሩ ጨምቆ የሚያሳየውም በዚያው ልክ ያንሳል። መጽሐፉ 30 ባር የሚልለት ጤነኛ የናፍጣ ሞተር ደሴ ላይ 22 ወይም 23 ባር ቢያሳይ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ያው ሞተር 24 ባር አካባቢ ያሳያል። እንግዲህ ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ የሚታመነው ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ነው፦ ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ ወድቆ ከተገኘ ችግሩ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ነው።

በቤንዚን ሞተር በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሶ እንደገና መለካት ይቻላል። ንባቡ ከፍ ካለ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ስለዘጋ ነውና ጥፋቱ ከፋሻው ወይም ከሲሊንደሩ ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቩንና የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) መመልከት ያስፈልጋል። በናፍጣ ሞተር ዘይቱ ራሱ ጠባቡን የቃጠሎ ክፍል ስለሚሞላው ንባቡን ያለ ምክንያት ከፍ ያደርጋልና ይህን ዘዴ አንመክርም።

ፋሻ ከመገዛቱ በፊት ምን ምን መለካት አለበት?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይህ ይበልጣል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ፋሻው ተገዝቶ ከገባ በኋላ ነው። ባለንብረቱ ከአዲስ አበባ የሚመለስ ሰው አግኝቶ «የ2ኤል ፋሻ አምጣልኝ» (2ኤል የቶዮታ የናፍጣ ሞተር ነው) ብሎ ይልካል፤ ዕቃው ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ሲሊንደሩ ሲለካ ሌላ ቁጥር ይገኛል።

ሲሊንደር የሚለካው በቦር ጌጅ (የውስጥ ስፋት መለኪያ) ነው፤ በካሊፐር የሚገኝ ንባብ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በእያንዳንዱም ከፍታ ኮሎው (ክራንክ ሻፍቱ) በተዘረጋበት አቅጣጫና ከዚያ ጋር መስቀለኛ በሆነው አቅጣጫ ይለካል፤ ለአንድ ሲሊንደር ስድስት ንባብ መሆኑ ነው። የላይኛው ፋሻ ወደ ላይ ሄዶ የሚቆምበት ቦታ ሙቀቱና ግፊቱ የሚበረታበት፣ ዘይቱም የሚሳሳበት በመሆኑ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይበልጥ ይበላል። ከዚያ በላይ ፋሻ የማይነካው ጠርዝ እንደ ድሮው ስለሚቀር በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዝ እርከን ይፈጠራል። ይህ እርከን ሳይነሳ አዲስ ፋሻ የተገጠመለት ሞተር፣ ያልተበላው የፋሻ ጠርዝ እርከኑን እየመታ ፋሻውን ወይም ፋሻው የሚቀመጥበትን የፒስተን ቦይ ይሰብራል።

የመበላቱ መጠን ለምን እንደሚያሳስብ አንድ ስሌት ያስረዳል። ፋሻ ዙሪያውን ስለሚከብ፣ ሲሊንደሩ በስፋቱ 0.10 ሚሊ ሜትር ሲበላ የፋሻው የጫፍ ክፍተት (በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው) 0.31 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ማለትም ከሦስት እጥፍ በላይ። በሲሊንደሩ ላይ ከፀጉር ቅጥነት የማይበልጥ የሚመስለው ልዩነት ፋሻው ዘንድ ሲደርስ በር ይሆናል። ሲሊንደሩም ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠባብ ስለሆነ ፋሻው በየደቂቃው በሺህ ጊዜ እየተከፈተና እየተዘጋ ይሠራል፤ እንዲህ ሲደክም ደግሞ ቶሎ ይሞታል።

ቅደም ተከተሉ ስለዚህ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ይለካል፤ መቀረጽ (ውስጡ በማሽን መስፋት) ካለበት ስንት መውጣት እንዳለበት ይወሰናል፤ ቀጥሎ ፒስተኑና ፋሻው በዚያ ቁጥር ይገዛሉ፤ በመጨረሻ ፒስተኖቹ ራሳቸው ወደ ሬቲፊካ (ሲሊንደር ወደሚቀርጽ ወርክሾፕ) ተወስደው ሲሊንደሩ በእነርሱ ልክ ይቀረጻል። ፒስተን ሳይያዝ ሲሊንደር አስቀርጾ በኋላ ልክ የሚሆን ፒስተን መፈለግ የተገላቢጦሽ አሠራር ነው።

ሲሊንደሩ ትንሽ ብቻ ስለሰፋ 0.25 ወይም 0.50 ትርፍ (ከመደበኛው በዚህ ያህል ሚሊ ሜትር የሚሰፋ) ፋሻ ገዝተን ጫፉን በሞረድ አስተካክለን ብናስገባስ?

አይሆንም። ይህ ምክር በየጋራዡ ይሰማል፤ ለጥቂት ሳምንታትም የሠራ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ፋሻ ክብ የሚሆነው በተሠራለት ስፋት ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። ባለ 0.50 ፋሻ በመደበኛ ሲሊንደር ውስጥ ሲታጠፍ ክብነቱን ያጣና ግድግዳውን በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ይጫናል፤ በሌላው በኩል ብርሃን ያስገባል። ይህን በዓይን ማየት ለሚፈልግ፣ ፋሻውን ያለ ፒስተን ሲሊንደር ውስጥ አስገብቶ በሥሩ አምፖል ማብራት በቂ ነው፤ በጨለማው ጠርዝ ዙሪያ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ብርሃን ይታያል። ትርፍ ቁጥሮቹ 0.25፣ 0.50፣ 0.75 እና 1.00 ሆነው የተዘጋጁት ሲሊንደሩ በዚያው ልክ ተቀርጾ እንዲገቡ እንጂ የተበላውን ለመሸፈን አይደለም።

የክሮም፣ የሞሊብዲነም ወይስ የተራ ብረት ፋሻ ይሻላል?

መልሱ የሚገኘው ከሲሊንደሩና ከመንገዱ ነው። ክሮም የተለበጠ ፋሻ አቧራን ይቋቋማል፤ ከአስፋልት ወጥቶ በአቧራማ መንገድ የሚመላለስ መኪና የሚያሠራ ሰው ይህን ቢመርጥ ምክንያት አለው። ሞሊብዲነም የተረጨበት ፋሻ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ዘይት ስለሚይዝ ሙቀትንና መላላጥን በደንብ ይችላል፤ ቶሎም ይቀመጣል፤ ሆኖም አቧራ በበዛበት ቦታ ከክሮም ያንሳል። ተራው የብረት ፋሻ ቶሎ ይላመዳል፤ ዕድሜው ግን ያጥራል። በእኔ ግምት የአየር ማጣሪያው ሳጥን ጎማው ተበልቶ አየር በጎን የሚያስገባ መኪና የትኛውንም ቢገጠምለት ለውጥ የለውም፤ ስለዚህ ስለ ፋሻው ዓይነት ከመከራከር በፊት የማጣሪያውን ቱቦና ክላምፕ ማየት ይቀድማል።

የማይጣሰው ሕግ አንድ ነው፦ ክሮም በክሮም ላይ አይሄድም። እንደ 4ጄቢ1 ያሉ አንዳንድ የአይሱዙ ሞተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ውስጡ ክሮም የተለበጠ ስስ ላይነር (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባ ተለዋጭ ቱቦ) አላቸው። ይህ ላይነር አይቀረጽም፣ ሆኒንግም (ግድግዳውን በድንጋይ በስሱ መጫር) አይመታም፤ ካለቀ ወጥቶ ይለወጣል። ገበያ ላይ ደግሞ ለዚያው ሞተር ክሮም ያልሆነ የብረት ላይነር ይሸጣል፤ ፋሻውም በላይነሩ ዓይነት ይለያያል። ሁለቱ ተመሳሳይ ስፋትና ተመሳሳይ የሞተር ስም ስላላቸው በሱቅ ጠረጴዛ ላይ በቀላሉ ይምታታሉ።

ከዓመታት በፊት ከሐይቅ ከተማ የመጣ አንድ ፒክአፕ በእጄ ያለፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ላይነሮቹ ክሮም ነበሩ፤ ሲለኩም ገና ጤነኞች ስለነበሩ ፋሻ ብቻ እንዲለወጥ ተወሰነ። ለሻጩ የነገርሁት የሞተሩን ስምና «ጠንካራውን ስጠኝ» የሚለውን ብቻ ነበር፤ የሰጠኝም ክሮም ፊት ያለው ፋሻ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ መኪናው ከበፊቱ ብሶበት እያጨሰ ተመለሰ። ሲፈታ ላይነሮቹ ከላይ እስከ ታች በቀጥታ መስመር ተጭረው፣ ፋሻዎቹም ፊታቸው ተልጦ ተገኙ፤ አራቱም ላይነሮች በእኔ ኪሳራ ተለወጡ። የላይነሩን ዓይነት ሳልናገር ሻጩን መውቀስ አልቻልሁም።

የተጠራጠረ ሰው በቀላሉ ሊፈትሽ ይችላል። ለአትክልት በሽታ የሚረጨውን ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት በውኃ አሟሙቶ በጸዳው ላይነር ላይ አንድ ጠብታ ማሳረፍ ነው፤ ባዶ ብረት ከሆነ ቦታው ወዲያው ወደ መዳብ ቀለም ይለወጣል፣ ክሮም ከሆነ እንዳለ ይቀራል። ከፍተሻው በኋላ ቦታው በደንብ ታጥቦ ዘይት መቀባት አለበት።

ካርቶኑ ላይ «ኤንፒአር» ስለተጻፈ ፋሻው የአይሱዙ ኤንፒአር ነው ማለት ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን በዚህ ይሳሳታል። በካርቶኑ ላይ ያለው ኤንፒአር ኒፖን ፒስተን ሪንግ የተባለው የጃፓን አምራች ምሕጻረ ቃል ሲሆን፣ ይኸው አምራች ለቶዮታም ለሌሎችም ይሠራል፤ የአይሱዙ ኤንፒአር ደግሞ የመኪና ሞዴል ነው። ሪከን፣ ቲፒ፣ ጎትዘና ማህለ የሚባሉትም የታወቁ አምራቾች ናቸው። መኪናውን በስሙ ሳይሆን በሞተሩ ዓይነት መለያ መግለጽ ይገባል፤ ምክንያቱም አይሱዙ ኤንፒአር 4ኤችኤፍ1 ሞተር ሲኖረው የሲሊንደሩ ስፋት 112 ሚሊ ሜትር፣ 4ኤችጂ1 ሲኖረው ደግሞ 115 ሚሊ ሜትር ነው። በቶዮታም እንዲሁ 2ኤል 92፣ 3ኤል 96፣ 5ኤል 99.5 ሚሊ ሜትር ናቸው።

አስመስሎ የተሠራ ዕቃ በካርቶኑ ብቻ አይለይም። ፋሻውን አውጥቶ ጠርዙ ላይ የተመታው ጽሑፍ ጥርት ያለ መሆኑን፣ ልባጩ በሁሉም ቦታ እኩል መሆኑን ማየት፣ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጦም የሚወዛወዝ መሆኑን መፈተሽ ነው። የሚወዛወዝ ፋሻ ሻጩ ወንድም ቢሆንም አይገዛም።

ከስፋቱ ሌላ በመጠን መመሳሰል ያለበት ምንድን ነው?

የፋሻው ውፍረትና የጎኑ ቅርጽ። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች የላይኛው ፋሻ ጎኑ ወደ ውስጥ እየሳሳ የሚሄድ ነው፤ ይህም በቦዩ የሚጠራቀመውን ጥላሸት እየሰባበረ ፋሻው እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ቦዩም በዚያው ቅርጽ ስለተቆረጠ ጎነ ቀጥ ፋሻ እዚያ አይገባም። ጎነ ቀጥ በሆነው ደግሞ አዲሱ ፋሻ ቦዩ ውስጥ ገብቶ በጎኑ ያለው ክፍተት በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ) ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ0.03 እስከ 0.08 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። 0.15 ከደረሰ ቦዩ ተበልቷልና ፒስተኑ ይለወጣል፤ የተበላ ቦይ ውስጥ የገባ አዲስ ፋሻ ዘይቱን እንደ ፖምፓ ወደ ላይ ያወጣል።

የጫፍ ክፍተቱ ስንት መሆን አለበት?

የሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ካለ ከእርሱ ውጭ አይኬድም። ከሌለ ቱርቦ ለሌለው ሞተር የላይኛው ፋሻ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር የሲሊንደር ስፋት 0.10 ሚሊ ሜትር ያህል ይታሰባል፤ ለ2ኤል 0.37፣ ለ4ኤችኤፍ1 0.45 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቱርቦ ያለው ሞተር ሙቀቱ ስለሚበረታ ከዚህ ከፍ ይላል።

አለካኩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፋሻው በእጅ ሲሊንደሩ አፍ ላይ ይገባና ፒስተኑ ተገልብጦ በጭንቅላቱ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ፋሻው ቀጥ ብሎ የሚቀመጠው እንዲህ ሲደረግ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ካልተቀረጸ የሚለካው ፋሻው በሚወርድበት የመጨረሻ ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ጠባቡ እዚያ ስለሆነ። ፊለር ጌጁ ጫፎቹን ሳያስፋፋ፣ ትንሽ ብቻ እየያዘ መውጣት አለበት። ጠባብ ሆኖ ከተገኘ ጫፉ በደቃቅ ሞረድ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ብቻ እየተሳበ ይስተካከላል፤ ወደ ውጭ ከተሳበ ልባጩ ይነሳል። ከሁለቱ ስህተቶች የሚሻለው መስፋቱ ነው፦ ጥቂት የሰፋ ክፍተት ትንሽ ጋዝ ያሳልፋል፤ የጠበበው ግን ሞተሩ ሲሞቅ ጫፎቹ ተጋጭተው ሲሊንደሩን ይጭራሉ፣ ፒስተኑንም ይሰብራሉ።

የላይና የታቹ ፊት እንዴት ይታወቃል?

በፋሻው ጠርዝ ላይ «ቶፕ» የሚል ጽሑፍ፣ አንድ ፊደል ወይም ነጥብ ካለ ያ ምልክት ወደ ላይ ይዞራል። በተለይ ሁለተኛው ፋሻ ዋና ሥራው ዘይት መጥረግ ስለሆነ ከተገለበጠ ዘይቱን ወደ ታች በመጥረግ ፈንታ ወደ ላይ ይሰበስባል፤ በአዲስ እድሳት ላይ የሚታይ ሰማያዊ ጭስ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ሲገጠም ጫፎቹ በ120 ዲግሪ ተራርቀው ይቀመጣሉ። በጣት እየጠመዘዙ ማስገባት ፋሻውን ስለሚያጣምመው በፋሻ መክፈቻ መሥራት ይገባል። የዘይት ፋሻው ውስጡ ስፕሪንግ ያለው ከሆነ የስፕሪንጉ መጋጠሚያ ከፋሻው ጫፍ በተቃራኒ በኩል ይውላል።

የባጃጅና የወፍጮ ሞተርስ?

ደንቡ ያው ነው። ባለ ሁለት ምት በሆነው የድሮ ባጃጅ ፋሻው እንዳይዞር በቦዩ ውስጥ ትንሽ ፒን ስላለ ጫፎቹ ፒኑን አቅፈው መግባታቸው መረጋገጥ አለበት። የወፍጮና የውኃ ፖምፓ ሞተር ደግሞ ለረጅም ሰዓት ያለ በቂ ጭነት ሲሠራ ሲሊንደሩ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ያኔ ፋሻ መለወጥ ብቻውን ስለማይበቃ ሆኒንግ ያስፈልገዋል።

ከሆኒንግ በኋላ ሲሊንደሩ በምን ይታጠባል?

በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ በብሩሽ። ቤንዚንና ናፍጣ ዘይቱን ያነሳሉ እንጂ በጭረቶቹ ውስጥ የተቀበረውን የድንጋይ ዱቄት አያወጡም። ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ዘይት በነካ ነጭ ጨርቅ ይወለወላል፤ ጨርቁ ግራጫ ሆኖ እስከወጣ ድረስ እንደገና ይታጠባል። እኛ ዘንድ ሦስተኛና አራተኛ እጥበት የተለመደ ነው።

አዲስ ፋሻ የገባለት ሞተር እንዴት ይላመዳል?

ፋሻን ሲሊንደሩ ላይ የሚጫነው በዋናነት የቃጠሎው ግፊት ስለሆነ፣ ሞተሩን ግማሽ ቀን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) አቁሞ «ይላመድ» ማለት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ዘይትና ውኃ ፍሳሽ እንደሌለ ከታየ በኋላ መኪናው መንገድ ላይ ወጥቶ ሞተሩ መጠነኛ ጫና ማግኘት አለበት። ለዚህ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ዕቃ ሳይጫን፣ በተስማሚ ማርሽ፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ሳይረገጥ ቢወጣ ጥሩ ነው፤ በቆቦ ሜዳ ለሚነዳ ደግሞ ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ እያደረጉ መሄድ ያንኑ ያህል ይረዳል። በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ መንዳትና ሙሉ ጭነት መጫን ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች መቅረት አለበት።

በዚህ ወቅት ማዕድናዊ ዘይት ይመረጣል፤ ሲንቴቲክ ፋሻውን ቶሎ እንዳይቀመጥ ሊያደርገው ይችላል። ዘይቱና ማጣሪያው በ500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይለወጣሉ፤ ኮፓው (የዘይት ቋቱ) ውስጥ የሚገኘው ደቃቅ የብረት ብናኝ በዚህ ጊዜ የሚጠበቅ ነው። ክሮም ፋሻ ከሌሎቹ ስለሚዘገይ እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ትንሽ ዘይት ቢያጎድል አያሳስብም። ከዚያ በኋላም የዘይቱ መጠን በየጠዋቱ ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ተለክቶ በደብተር ቢመዘገብ፣ ጋራዡ ሲጠየቅ የሚነጋገረው በግምት ሳይሆን በቁጥር ይሆናል።